ካሜራው እዚያው ነበር

አባቴ ለዓመታት ቃር ሲያሠቃየው ከኖረ በኋላ ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ ወደ ጨጓራ የሚወርድበት ምርመራ፣ ታዘዘለት። ምርመራው ሲያበቃ፣ እሱ ገና ከማደንዘዣው በቅጡ ሳይነቃ፣ ሐኪሟ አስጠርተው የተቀረጸውን ምስል በኮምፒውተራቸው አሳዩኝ። የምግብ ቧንቧው ግድግዳ ከላይ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። ወደ ጨጓራው እየተጠጋ ሲሄድ ግን ቀለሙ ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ቀዩ ክፍልም እየሾጠጠ ወደ ላይ ይወጣል። «ባሬትስ የምንለው ለውጥ ይመስላል፤ ቃር የቆየበት የቧንቧ ሽፋን የሚለወጥበት፣ አንዳንዴም ወደ ካንሰር የሚያመራ ነው። ናሙናው ይነግረናል» አሉኝ። ከዚያ ከቱቦው ጫፍ አንዲት ትንሽ መቆንጠጫ ብቅ አለች፤ ግድግዳውን ነከስ አድርጋ ቅንጣት ሥጋ ይዛ ተመለሰች። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራ፣ ከቀኝ። ቱቦው ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ወደ ላይ ተሳበና እንደገና ከአራቱም አቅጣጫ ተወሰደ። በተነከሰው ቦታ ሁሉ ትንሽ ደም ብቅ ይላል።

«ዶክተር፣ እነዚህን ቦታዎች በምን መረጧቸው?» ስል ጠየቅኋቸው።

«አልመረጥኳቸውም። ችግር ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ በዓይን ስለማይለይ ነው በየሁለት ሴንቲሜትሩ ከአራት አቅጣጫ የምንወስደው። ደንቡ እንደዚያ ነው።»

መልሳቸው ግልጽና ቀና ነበር፤ ደንቡም በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ነው። ሥራዬ ከብርሃንና ከሌንስ ጋር ስለሆነ ግን ነገሩ እረፍት ነሳኝ። ካሜራው እዚያው ነበር። ከሥጋው የሚለየው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ብርሃን አለ፣ ሌንስ አለ፣ ሥጋውም በሕይወት አለ። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? ሥጋው ለምን ተቆርጦ፣ ተወስዶና ቀለም ጠጥቶ ሌላ ክፍል ውስጥ መታየት ያስፈልገዋል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። አባቴ ግን ምንም አልደበቀም፤ አፉን ከፍቶ ቱቦ ውጧል። እዚህ ላይ የሚደብቅ ሰው የለም። የሚፈለገው ነገር ከትንሽነቱ የተነሳ ብርሃን እየበራበት፣ ሐኪም እያየው የማይታይ መሆኑ ነው።

ውጤቱ ደህና ነበር። ለውጡ ቢኖርም ወደ ካንሰር የሚያመራ ምልክት አልተገኘበትም፤ መድኃኒቱን እየወሰደ በየጊዜው ይታያል። እግዚአብሔር ይመስገን ብለን ወደ ኑሯችን ተመለስን። እኔን ግን አንድ ሐሳብ አልለቀቀኝም፦ ውጤቱ የሚናገረው ስለተወሰዱት ቅንጣቶች ነው። በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ሰፊ ቦታ በሕዋስ ደረጃ ያየው ማንም የለም።

ሳይቆርጡ መቁረጥ

ሐኪሟ የሚፈልጉት ለውጥ የሕዋስ ጉዳይ ነው። ጤናማ ሕዋሳት በሥርዓት ተሰልፈው ይገኛሉ። መበላሸት ሲጀምሩ ኒውክሊየሳቸው ይተልቃል፣ አሰላለፋቸው ይዛነፋል፣ የፈሳሽ አመንጪ ዕጢዎቹ ቅርጽ ይጣመማል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሺሕኛ ሚሊሜትር ደረጃ ነው። የኢንዶስኮፒው ካሜራ የሚያሳየው የገጹን ቀለምና ወጣ ገባነት እንጂ ይህን አይደለም።

ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩት የፓቶሎጂ ባለሙያዎች የሚያደርጉትን ሁላችንም በስሙ እናውቀዋለን፤ በዝርዝሩ ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ጥበብ ነው። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ይነከራል። ውሃው ቀስ በቀስ ይወገድና ቦታውን የፓራፊን ሰም ይተካዋል። ከዚያ 4 ወይም 5 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺሕኛ) ውፍረት ወዳላቸው ስስ ንጣፎች ይቆረጣል። ሄማቶክሲሊን የሚባለው ቀለም ኒውክሊየሱን ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ፣ ኢዮሲን ደግሞ የቀረውን ወደ ሮዝ ይለውጠዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ ዘዴ ነው፤ ዛሬም ቢሆን የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ ነው።

ለምን ይህን ያህል መሳሳት አስፈለገው? ወፍራም ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሥር ሲቀመጥ ብርሃን ከላይኛውም ከታችኛውም ንብርብር ይመጣል፤ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ሁሉም ይደበዝዛል። የምላጩ ሥራ የማይፈለጉትን ንብርብሮች ማስወገድ ነው። በሕይወት ያለን ሰው ከውስጥ ማየት ከፈለግን እንግዲህ ምላጩን በሌላ ነገር መተካት ግድ ነው።

መተኪያው ከተገኘ ቆይቷል። ኋላ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምር ስሙ የገነነው ማርቪን ሚንስኪ እ.ኤ.አ. በ1957 የኮንፎካል ማይክሮስኮፕን የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገባ። ሥጋውን በሙሉ ከማብራት ይልቅ አንዲት ነጥብ ብቻ ይበራል። ከዚያች ነጥብ የሚመለሰው ብርሃን ደግሞ በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ በኩል አልፎ ይለካል። ከነጥቧ በላይና በታች ካለው ሥጋ የሚመጣው ብርሃን ቀዳዳዋ ጋ ሲደርስ ተበትኖ ስለሚሰፋ አብዛኛው ይታገዳል። ነጥቧ እየተንቀሳቀሰች ስፍራውን ስታዳርስ የአንድ ስስ ንብርብር ምስል ይገኛል። ሥጋው አልተነካም፤ ምስሉ ግን ተቆርጧል። ስለዚህ ነገር ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ሌላ ቁሳቁስ ሳይጨመር፣ በአንዲት ቀዳዳ ትክክለኛ አቀማመጥ ብቻ የተገኘ ነውና።

ችግሩ እንዲህ ያለው ማይክሮስኮፕ ከነሌዘሩና ከነመስታወቶቹ ጠረጴዛ ሙሉ መሆኑ ነው። ወደ ምግብ ቧንቧ የሚወርደው ብርሃኑ ብቻ እንጂ መሣሪያው ሊሆን አይችልም። ለዚያ ደግሞ ቀጭንና ተጣጣፊ መንገድ ያስፈልጋል።

በአንድ ጥቅል ውስጥ 30 ሺሕ ክር

መንገዱ የብርጭቆ ክር ነው። በብርጭቆው ውስጥ የሚሄድ ብርሃን ግድግዳውን በጣም አጋድሎ ሲመታ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ ክሩ ቢታጠፍም ብርሃኑ ተከትሎት ይታጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1930 ሃይንሪክ ላም የተባለ የሙኒክ የሕክምና ተማሪ የብርጭቆ ክሮችን በጥቅል አስሮ የአንድ አምፖል ሽቦን ምስል ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው አሻገረ። ይህ ተማሪ ያሰበው ስለ ስልክም ሆነ ስለ ኢንተርኔት አልነበረም፤ የሰውን የውስጥ አካል ለማየት ነበር። ፋይበር ኦፕቲክ የመገናኛ ብቻ ቴክኖሎጂ ለሚመስለው ሰው ይህን ደጋግሜ እነግረዋለሁ፤ ምስል የማሻገር ሐሳቡ ገና ከጅምሩ ከሕክምና ጋር የተወለደ ነው።

የላም ክሮች ራቁታቸውን ስለነበሩ ምስሉ ደካማ ነበር። ራቁት ክር ሌላውን ሲነካ ብርሃኑ ያፈስሳል። እ.ኤ.አ. በ1954 በአንድ የኔቸር መጽሔት እትም ላይ ሁለት ጽሑፎች ወጡ፦ አንዱ የሃሮልድ ሆፕኪንስና የናሪንደር ካፓኒ፣ ሌላው የአብርሃም ቫን ሄል። ቫን ሄል እያንዳንዱን ክር ብርሃንን ከውስጥ በሚያስቀር ልባስ መሸፈን እንደሚገባ አሳየ። በ1956 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ላሪ ከርቲስ የተባለ ተማሪ ብርጭቆን በብርጭቆ ማልበስ ቻለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሐኪሙ ባዚል ሂርሾዊትዝ በዚሁ ክር የተሠራውን መሣሪያ በመጀመሪያ በገዛ ጉሮሮው አወረደው። ዛሬ በየሆስፒታሉ ያለው ኢንዶስኮፕ የዚያ መሣሪያ ዘር ነው፤ በክር ጥቅሉ ፈንታ ጫፉ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ካሜራ መጣ እንጂ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚለውን አባባል የክር ጥቅል ባየሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ። እያንዳንዱ ክር የሚሸከመው የምስሉን አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። በሁለቱም ጫፍ ላይ የክሮቹ አሰላለፍ አንድ እስከሆነ ድረስ፣ እዚያ የገባው ምስል እዚህ ይወጣል። አሁን ይህን ከሚንስኪ ሐሳብ ጋር አገናኙት። ሌዘሩ ከሰውየው ውጭ ሆኖ ወደ 30 ሺሕ በሚጠጉት ክሮች ላይ በየተራ ይመላለሳል። እያንዳንዱ ክር ነጥብ ያበራል፤ የሚመለሰውንም ብርሃን ያው ክር ይቀበላል። የክሩ ጠባብ እምብርት ራሱ የኮንፎካሉ ቀዳዳ ሆነ ማለት ነው። ማይክሮስኮፑ ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ዓይኑ ብቻ ወደ ሰውነት ገባ።

እ.ኤ.አ. በ2004 በጀርመን የማይንዝ ሐኪሞች በዚህ የኮንፎካል መርሕ፣ ጫፉ ላይ ጥቃቅን የማንቀሳቀሻ አካል ባለው ኢንዶስኮፕ፣ በታካሚዎች ትልቅ አንጀት ውስጥ ሕዋሳትን በቀጥታ ማየታቸውን አሳተሙ። በክር ጥቅል የሚሠራው ሴልቪዚዮ የተባለው መሣሪያ ደግሞ ከፈረንሳይ መጣ። ታካሚው በደም ሥሩ ፍሎረሲን ይሰጠዋል፤ የዓይን ሐኪሞች ለረጅም ዘመን ሲጠቀሙበት የኖሩት ቀለም ነው፤ ቆዳንና ሽንትን ለጊዜው ቢጫ ያደርጋል። 488 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሰማያዊ ሌዘር ሲያርፍበት አረንጓዴ ያበራል። ክሩ በኢንዶስኮፑ የመሣሪያ ማስገቢያ በኩል ወርዶ ግድግዳውን ይነካል፤ ስክሪኑ ላይ ከ50 እስከ 70 ማይክሮሜትር ጥልቀት ያለው ንብርብር ይታያል፤ በሰከንድ 12 ምስል።

የተቀረጸ ምስሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ሕዋሳቱ ላይ አልነበረም፤ ደሙ ላይ ነበር። ቀለሙ ያለው በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ብሩህ ሆነው ይታያሉ። በውስጣቸው ጥቁር ነጥቦች አንድ በአንድ ተሰልፈው ያልፋሉ። ቀይ የደም ሕዋሳት ናቸው፤ ስፋታቸው ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር። አንዳንድ ጊዜ መታጠፊያ ላይ ይገታሉ፤ ከኋላ የመጣው ይጠጋቸዋል፤ ከዚያ ተያይዘው ይፈስሳሉ። ፎርማሊን የነካው ሥጋ ይህን ፈጽሞ ሊያሳይ አይችልም። በሳንባ ደግሞ ቀለም እንኳን አያስፈልግም፤ የአየር ከረጢቶቹን አቅፎ የያዘው ኢላስቲን የተባለ ተለጣጭ ፕሮቲን በሰማያዊ ሌዘር ሥር በራሱ ያበራል።

ጉድለቶቹን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ምስሉ ስፋቱ ሩብ ሚሊሜትር አይሞላም። ፍሎረሲን ኒውክሊየስን አያቀልምም፤ ፓቶሎጂስቱ በዋናነት የሚመለከተው ደግሞ ኒውክሊየሱን ነው። ፕሮፍላቪን የሚባለው ቀለም ኒውክሊየሱን ያበራል፤ በራይስ ዩኒቨርሲቲ ሬቤካ ሪቻርድስ ኮርተም የሚመሩት ቡድን በእሱና በተራ ኤልኢዲ መብራት የሚሠራ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ የክር ማይክሮስኮፕ ሠርቶ ለማኅፀን በር ጫፍና ለምግብ ቧንቧ ምርመራ ሞክሮታል። በእኔ ግምት ከዚህ ዘርፍ ሥራዎች ሁሉ ለብዙ ሰው የሚደርሰው የዚህ ዓይነቱ ነው። ሌላው ጉድለት ከክሮቹ ራሳቸው የሚመጣ ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ብርሃን ስለማይሸከም ምስሉ ላይ መረብ ይጥላል። ክሮቹን አቀራርበን ክፍተቱን እናጥብብ ስንል ብርሃኑ ከአንዱ ወደ ጎረቤቱ ይሾልካል። ጥቅሉን ማሳነስ ደግሞ ክር መቀነስ፣ ክር መቀነስም ነጥብ መቀነስ ነው። እዚህ ላይ መንገዱ የተዘጋ መሰለኝ።

ነጥቧ ተመልሳ መጣች

የሐሳቤን አቅጣጫ የቀየረው በአንድ ላቦራቶሪ ያየሁት ነገር ነው። ክፍሉ ጨለማ ነው። በብረት ጠረጴዛው ላይ አንድ ነጠላ የብርጭቆ ክር ተዘርግቷል፤ ከነልባሱ ውፍረቱ 125 ማይክሮሜትር፣ ብርሃን የሚሄድበት እምብርቱ 50 ማይክሮሜትር። ከወፍራም የሰው ፀጉር ብዙም አይለይም። ባልደረባዬ ከአንዱ ጫፍ ጥርት ያለች የአረንጓዴ ሌዘር ነጥብ አስገባ። በሌላው ጫፍ በተተከለው ካሜራ የታየው ግን ነጥብ አልነበረም። ከዳር እስከ ዳር የተበታተነ፣ ወዲህ ብሩህ ወዲያ ጥቁር የሆነ ዝብርቅርቅ ነው። ይህን በመጻሕፍት አውቀዋለሁ። እንዲህ ባለው ክር ውስጥ ብርሃን የሚጓዝባቸው ከሁለት ሺሕ በላይ የተለያዩ መንገዶች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ፍጥነት አለው፤ ሲወጡ ሞገዶቹ እርስ በርስ እየተደማመሩና እየተጣፉ ይህን ይፈጥራሉ። ነጠላ ክር ለምስል አይሆንም የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ሥራውን ጀመረ። ጥቃቅን መስታወቶች የተደረደሩበት ሰሌዳ ወደ ክሩ የሚገባውን ብርሃን እየቀያየረ፣ ለእያንዳንዱ ዓይነት አገባብ የሚወጣውን ዝብርቅርቅ መዘገበ። ጥቂት ጠበቅን። ባልደረባዬ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ዝብርቅርቁ ጠፋ፤ በመሐል አንዲት ጥርት ያለች ነጥብ ቆመች። ሌላ ቁልፍ ሲጫን ነጥቧ ወደ ግራ ሄደች፤ ቀጥሎ ክብ ሠራች። ክሩ አልተነካም፤ ሌዘሩ አልተንቀሳቀሰም። የተለወጠው ብርሃኑ ሲገባ የነበረው ቅርጽ ብቻ ነው።

«አሁን ክሩን ንካው፣ ቀስ ብለህ» አለኝ።

በጣቴ ጫፍ ነካሁት። ነጥቧ ወዲያው ፈነዳችና ስክሪኑን የሞላው ዝብርቅርቅ ተመለሰ። ጣቴን አነሳሁ። ክሩ ወደ ቦታው ሲመለስ ነጥቧም ተመልሳ መጣች፤ እዚያው ቦታ፣ እንደነበረች።

ነጥቧ መጥፋቷ አልገረመኝም። ያስደነቀኝና ያቆመኝ ተመልሳ መምጣቷ ነው። ያ ክር ምንም ነገር አያጠፋም ማለት ነው። ሕዝብ ሞልቶበት የነበረ አዳራሽ ሲለቀቅ ሰዎቹ በየኮሪደሩ ተበታትነው በሌላ ቅደም ተከተል ይወጣሉ እንጂ ከመካከላቸው የቀረ እንደሌለ ሁሉ፣ የገባው ብርሃን ሁሉ ወጥቷል። ተቀላቀለ እንጂ አልጠፋም። መቀላቀሉም ቢሆን በዘፈቀደ አይደለም፤ ክሩ ሳይንቀሳቀስ እስካለ ድረስ ለተመሳሳይ ግቤት ሁልጊዜ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። ስሌት ነው። ሰፊ ስሌት፣ በሺሕ በሺሕ የተደረደረ ሠንጠረዥ፣ ግን ስሌት። ሠንጠረዡን የለካ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ «እዚያ ነጥብ ለማግኘት እዚህ ምን ላስገባ?» ብሎ ሊጠይቀው ይችላል። ክሩም ይመልሳል።

ከዚያ ቀን በፊት ምስል ሲበላሽ የማስበው ስለ ጉድለት ነበር፤ የተሻለ ብርጭቆ፣ የተሻለ ሌንስ፣ የበዛ ክር። ከዚያ በኋላ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው መረጃው ጠፍቷል ወይስ ሳይነበብ ቀርቷል የሚለውን ሆነ። በሕክምና ምስል ውስጥ ይህ ልዩነት ከባድ ነው። የጠፋውን ምንም ገንዘብ አይመልሰውም። ያልተነበበውን ግን ትዕግሥትና ሒሳብ ያወጡታል።

ያየሁት አዲስ ግኝት አልነበረም። ቬለኮፕና ሞስክ የተባሉ ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ብርሃንን በሚበትን ንጣፍ ውስጥ አሳልፈው አንድ ነጥብ ላይ መሰብሰብ እንደሚቻል አሳይተዋል። በ2010 የፓሪስ ተመራማሪዎች የእንዲህ ያለውን ንጣፍ ሠንጠረዥ ለኩ። በ2012 ደግሞ በስኮትላንድ፣ በደቡብ ኮሪያና በስዊዘርላንድ ያሉ ቡድኖች ሐሳቡን በነጠላ ክር ላይ አዋሉት።

የሚመለሰው ብርሃን ይዘበራረቅ

አንድ ጥያቄ ግን ሲቆረቁረኝ ሰነበተ። ወደ ውስጥ የሚገባውን ብርሃን አስተካክለን ነጥብ ሠራን እንበል። ከሕዋሱ የሚመለሰው ብርሃንስ? እሱም በዚያው ክር ሲመለስ መዘበራረቁ አይቀርም፤ እሱን ደግሞ ማን ያስተካክለዋል?

መልሱን ስረዳ ለብቻዬ ሳቅሁ። ማንም ማስተካከል አያስፈልገውም። ነጥቧ የት እንዳለች እኛ እናውቃለን፤ ያስቀመጥናት እኛ ነን። ከዚያ ቦታ ምን ያህል ብርሃን እንደተመለሰ ብቻ ነው የምንፈልገው። ብርሃኑ የፈለገውን ያህል ተዘበራርቆ ይምጣ፤ ድምሩ ድምር ነው። ይለካል፤ ነጥቧ ወደሚቀጥለው ቦታ ትሄዳለች፤ እንደገና ይለካል። ምስሉ ከድምሮች ይሠራል። መስታወቶቹ በሰከንድ ከ20 ሺሕ ጊዜ በላይ አቀማመጣቸውን መቀየር ስለሚችሉ 10 ሺሕ ነጥብ ያለው ምስል ግማሽ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። የነጥቧም ስፋት ከአንድ ማይክሮሜትር ብዙም አይበልጥም። በፀጉር ውፍረት ባለ ብርጭቆ፣ ጫፉ ላይ ምንም ሌንስ ሳይኖር።

የሚቀረው የጣቴ ጉዳይ ነው። ክሩ ሲታጠፍ ሠንጠረዡ ይለወጣል። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2018 ጥሩ ውጤት የታየው በአይጦች አንጎል ላይ የሆነው፤ አጭርና ቀጥ ያለ ክር በቀጥታ ይገባል፤ አይታጠፍም፤ ቀጭን ስለሆነም በመንገዱ ያለውን ኅብረ ሕዋስ ብዙ አይጎዳም። በ2015 የታተመ አንድ ሥራ ደግሞ የክሩ ቅርጽ በትክክል ከታወቀ ቢታጠፍም እንኳን ሠንጠረዡን አስቀድሞ ማስላት እንደሚቻል አሳይቷል። እምብርቱ ከመሐል ወደ ዳር ቀስ በቀስ የሚለዋወጥ የብርጭቆ ዓይነትም መታጠፍን የበለጠ ይታገሣል።

ለምን ቅጥነቱ ያስጨንቀኛል?

አንዳንድ ባልደረቦቼ ቅጥነቱን እንደ ውድድር ያዩታል። ለእኔ ምክንያቱ ሌላ ነው። በኢንዶስኮፕ ውስጥ ያለው የመሣሪያ ማስገቢያ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ስፋቱ 2.8 ሚሊሜትር ያህል። የክር ጥቅሉ በእሱ ገብቶ ሐኪሟ አጠራጣሪ ሕዋሳት አዩ እንበል። ናሙና ለመውሰድ ጥቅሉን ማውጣትና መቆንጠጫውን ማስገባት አለባቸው። በዚህ መካከል ታካሚው ተንፍሷል፣ ግድግዳው ተኮማትሯል። ሩብ ሚሊሜትር የማይሞላው ያ ቦታ የት ነበር? ያዩትና የሚቆርጡት አንድ ቦታ ለመሆኑ ማረጋገጫ የላቸውም።

ፀጉር የሚያህል ክር ግን ከመቆንጠጫው ጋር አብሮ ሊወርድ ይችላል፤ በመንጋጋዎቹ መካከል እንኳን ሊቀመጥ ይችላል። ሐኪሟ አይተው፣ እጃቸውን ሳያነሡ፣ ያዩትኑ ይወስዳሉ። እኔ ይህን መሣሪያ የምፈልገው ፓቶሎጂስቱን እንዲተካ አይደለም። ፓቶሎጂስቱ ጋ የሚደርሰው ቅንጣት በደንብ የተመረጠ እንዲሆን ነው። አሁን ባለው የኮንፎካል መሣሪያ እንኳን በባሬትስ ታካሚዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ እየታየ የተወሰደ ናሙና በቁጥር ሲያንስ የተፈለገውን የማግኘት ዕድሉ ግን ከፍ ብሎ ታይቷል። ትንሽ ደም፣ ትንሽ ቁስል፣ የተሻለ መልስ። ታካሚው ለዓመታት እየተመላለሰ የሚመረመር ሰው ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ምግብ ቧንቧ ግን የአይጥ አንጎል አይደለም። ክሩ ቢያንስ አንድ ሜትር መሆን አለበት፤ ጉሮሮ ላይ ይታጠፋል። ቧንቧው ከልብ ጀርባ ስለሚያልፍ በየምቱ ይነቀነቃል። ስለዚህ ሠንጠረዡን ሰውየው ውስጥ ሆኖ፣ ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል፤ ያውም ከውጭ ካለው ጫፍ ብቻ፣ ምክንያቱም በሌላው ጫፍ ካሜራ ማስቀመጥ አይቻልም። ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ በክሩ የውስጠኛ ጫፍ ላይ ለመለኪያው ብርሃን ብቻ የሚያንጸባርቅ ስስ ንጣፍ መቀባት ነው፤ ብርሃኑ ደርሶ ሲመለስ ሠንጠረዡን ይዞ ይመጣል። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። ሁለት ሺሕ መንገዶች፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ልኬት፣ በሰከንድ 20 ሺሕ፤ ሦስት አሥረኛ ሰከንድ ይሆናል። ያረፈ ሰው ልብ በአንድ ምትና በሚቀጥለው መካከል የሚሰጠን ጊዜ አንድ ሰከንድ አይሞላም፤ ከዚያ ውስጥ ለልኬቱ ሲሶው ከሄደ ለምስሉ የሚቀረው ግማሽ ሰከንድ ያህል ነው። 10 ሺሕ ነጥብ ለማንሣት ለጥቂት ይበቃል። የሚንቀጠቀጠውን ግድግዳ ተከትሎ ትኩረቱን ለመጠበቅ ግን ምንም የሚተርፍ ጊዜ የለም፤ አሁን እየሠራሁበት ያለሁት ይህችን የጎደለች ጊዜ ከልኬቱ ላይ የመቀነሱን ነገር ነው።